የስልኩ ቀፎ የማን ነው?
በቤቱ ለሚሠራ ባለሙያ የኢንተርኔት ስልክ መሣሪያ አመራረጥና ታሪካዊ መነሻው

«የሰው ወርቅ አያደምቅ» የሚለው የአበው ብሂል ስለ ጌጥ የተነገረ ቢሆንም፣ የስልክን ታሪክ ለሚመረምር ሰው ከጌጥ ያለፈ ቁም ነገር ይዞ ይገኛል። ስልክ ከተፈለሰፈ ጀምሮ ለአንድ መቶ ዓመት ያህል፣ በብዙ አገሮች በየቤቱና በየመሥሪያ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ይታይ የነበረው ቀፎ የተጠቃሚው ንብረት አልነበረም። ተጠቃሚው ይናገርበታል፣ ይሰማበታል፣ በየወሩም ኪራይ ይከፍልበታል እንጂ መርጦ አልገዛውም፤ ሊለውጠው፣ ሊሸጠው ወይም ከፍቶ ሊመለከተው አይፈቀድለትም ነበር።

ዛሬ ነገሩ ተገልብጧል። በተለይም በ2020 የኮቪድ ወረርሽኝ አያሌ ሠራተኞችን ከቢሮ ወደ ቤታቸው ከመለሰ ወዲህ፣ የሂሳብ ባለሙያው፣ ጠበቃው፣ አማካሪው መሐንዲስና አስተርጓሚው ከመኖሪያ ቤታቸው አንዱን ክፍል ለይተው መሥሪያ ቤት ሲያደርጉ፣ ለሥራቸው የሚሆነውን የኢንተርኔት ስልክ መሣሪያም ራሳቸው መምረጥ ግድ ሆኖባቸዋል። ገበያው በዓይነቱ የበዛ ነው፤ ከአሮጌ ቀፎ ጋር የሚያያዝ ትንሽ አዳፕተር፣ የራሱ መስኮት ያለው የጠረጴዛ ስልክ፣ በኮምፒዩተር ላይ የሚጫን ፕሮግራም፣ ሁሉም «እኔን ግዛኝ» ይላሉ። ጥያቄው ለጊዜው የዋጋና የመልክ ጥያቄ መስሎ ይታያል። በታሪኩ ሲመረመር ግን ከሁሉ አስቀድሞ የባለቤትነት ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። መሣሪያው የሚታዘዘው ለገዛው ሰው ነው ወይስ ለሸጠው ኩባንያ? የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህ የመምረጥ መብት እንዴት እንደተገኘ፣ እንዴትስ ተመልሶ ሊጠፋ እንደሚችል ማስረዳት ነው። ከዚህ በታች የተመለከቱት ዓመታት፣ ከኢትዮጵያ አዋጆች ቁጥር በስተቀር፣ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

የኪራይ ቀፎ ዘመን

አሌክሳንደር ግራሃም ቤል የስልክን የፈጠራ መብት ያገኙት ማርች 7 ቀን 1876 ነው። ፈጠራው ወደ ንግድ ሲለወጥ የመጀመሪያው ከባድ ጥያቄ «መሣሪያውን እንሽጠው ወይስ እናከራየው?» የሚል ነበር። የንግዱን ሥራ ይመሩ የነበሩት የቤል አማት፣ ጠበቃው ጋርዲነር ሃባርድ፣ ቀደም ሲል የጫማ መስፊያ መኪና እያከራየ ገንዘብ ይሰበስብ ከነበረ ኩባንያ ጋር ሠርተው ስለ ነበር፣ ከዚያ የተማሩትን ዘዴ በስልክ ላይ አዋሉት። በመሆኑም ከ1877 ጀምሮ ቀፎው የሚከራይ እንጂ የማይሸጥ ዕቃ ሆነ። ቆየት ብሎም መስመሩ፣ ማዞሪያው፣ ቀፎው፣ ቀፎውን የሚሠራው ፋብሪካ ጭምር በአንድ ኩባንያ ጥላ ሥር ተጠቃለለ።

ይህ አሠራር ጥቅም አልነበረውም ማለት ከእውነት የራቀ ይሆናል። የኩባንያው መከራከሪያ በአጭሩ «መረቡ አንድ ነው፤ ኃላፊውም አንድ መሆን አለበት» የሚል ነበር። በማንም እጅ የተሠራ መሣሪያ ከመስመሩ ጋር ቢገናኝ የጎረቤትን ጥሪ ሊያውክ፣ ምሰሶ ላይ ወጥቶ የሚሠራውንም ሠራተኛ በኤሌክትሪክ ሊጎዳ ይችላል፤ ሲበላሽም ጥፋቱ የማን እንደ ሆነ አይታወቅም የሚል ሥጋት ነበረ። በሌላ በኩል የኪራዩ ቀፎ እንደ ብረት የጠነከረ ነበር። በ1949 ብቅ ያለውና በሄንሪ ድሬይፈስ የተነደፈው «ሞዴል 500» የተባለው ስልክ ለአሥርተ ዓመታት ሳይሰለች አገልግሏል። ቢበላሽ ጠጋኙ ከኩባንያው ይመጣል። ለሥራው የሚያስፈልገውም ኃይል ከማዞሪያ ጣቢያው ባትሪ፣ 48 ቮልት ሆኖ፣ በዚያችው በቀጭኗ ሽቦ ይደርሳል፤ ስለዚህ በቤቱ መብራት ቢጠፋ እንኳ ስልኩ ይሠራል። ተጠቃሚው የተነፈገው ምርጫን እንጂ አገልግሎትን አልነበረም። ይህን ማስታወስ የሚጠቅመው፣ ምርጫው ሲመጣ ከምርጫው ጋር ምን እንደ መጣ ለመረዳት ነው።

አፍ ላይ የተገጠመች ትንሽ ዕቃ

የኪራዩን ሥርዓት መጀመሪያ የነቀነቀችው እጅግ ተራ የሆነች ዕቃ ናት። «ሀሽ ኤ ፎን» የተባለችው ይህች ጽዋ መሳይ መሣሪያ በስልኩ መናገሪያ ላይ ተገጥማ፣ ተናጋሪው የሚለው በአጠገቡ ላሉ ሰዎች እንዳይሰማ፣ የቢሮውም ጫጫታ ወደ ስልኩ እንዳይገባ ታደርጋለች። ሽቦ የላትም፤ ኤሌክትሪክ አትነካም። ከ1920ዎቹ ጀምሮ ትሸጥ የነበረ ቢሆንም፣ የስልክ ኩባንያው «ያልፈቀድነውን ዕቃ በቀፎአችን ላይ መግጠም ክልክል ነው» የሚለውን ደንብ ጠቅሶ ደንበኞችን ማስጠንቀቅ በመጀመሩ፣ አምራቾቿ በ1948 ለአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽንስ ኮሚሽን አቤት አሉ። ኮሚሽኑ ዓመታት ፈጅቶ በ1955 ለኩባንያው ፈረደ። በ1956 ግን የይግባኙ ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው። ዳኞቹ እንደተመለከቱት፣ ማንም ሰው መዳፉን አጥፎ አፉን በመከለል ይህንኑ ውጤት ማግኘት ይችላል፤ በእጁ ሲያደርገው የተፈቀደ፣ በዕቃ ሲያደርገው የተከለከለ ሊሆን አይገባም። አንድ ሰው የራሱን ስልክ ለግሉ በሚጠቅም፣ ሕዝብን ግን በማይጎዳ መንገድ የመጠቀም መብት አለው የሚለው መርሕ በዚህ ፍርድ ጸና።

በዚህ ክርክር ውስጥ ያለፉ ሁለት ሰዎችን ማንሳት ተገቢ ነው። የዕቃዋን የድምፅ ጠባይ አጥንተው ለአምራቾቿ የረዱት የአኰስቲክ ሊቁ ሊዮ በራኔክ ሲሆኑ፣ የሥራ ባልደረባቸው ጄ. ሲ. አር. ሊክላይደርም በምርመራው ተካፍለዋል። ሊክላይደር በ1962 የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ድርጅት የኮምፒዩተር ክፍል ኃላፊ ሆነው ኮምፒዩተሮችን በመረብ የማገናኘትን ሐሳብ አስፋፉ፤ በራኔክ ከመሠረቷቸው መካከል የነበሩት ኩባንያ ደግሞ በ1969 የአርፓኔትን፣ ማለትም የኢንተርኔትን ቀዳሚ መረብ፣ የማገናኛ ኮምፒዩተሮች ሠራ። ስለ አንዲት የአፍ መከለያ የተሟገቱት ሰዎች ከጊዜ በኋላ ስልክን ራሱን ከሥሩ የሚለውጠውን መረብ ከጀመሩት መካከል ሆነው መገኘታቸው የታሪክ አጋጣሚ ነው።

ካርተርፎንና ሶኬት

ሁለተኛው እርምጃ የመጣው ከቴክሳስ ነው። ቶማስ ካርተር የተባሉ ነጋዴ በነዳጅ ጉድጓድና በከብት እርባታ ሥፍራ የሚሠሩ ሰዎች ከመሥመር ስልክ ጋር በሬዲዮ እንዲገናኙ የሚያደርግ «ካርተርፎን» የተባለ መሣሪያ አወጡ። የስልኩ እጀታ በመሣሪያው ላይ ሲጋደም፣ ድምፁ ያለ ሽቦ ግንኙነት ወደ ሬዲዮው ይሻገራል። ከ1959 እስከ 1966 ባለው ጊዜ 4,500 ያህል ተሠርተው 3,500 ያህሉ ተሸጡ። የስልክ ኩባንያዎቹ ይህንንም በመከልከላቸው ጉዳዩ ወደ ፍርድ ቤት፣ ከዚያም ወደ ኮሚሽኑ ሄደ። በጁን ወር 1968 ኮሚሽኑ ክልከላው ያለ አግባብ መሆኑን ወሰነ፤ መረቡን እስካልጎዳ ድረስ ተጠቃሚው የራሱን መሣሪያ ማገናኘት እንደሚችል አረጋገጠ።

ይሁን እንጂ መብት በወረቀት ላይ መጻፉ ብቻ አይበቃም። ኩባንያዎቹ ወዲያው «ይሁን፤ ነገር ግን በመሣሪያችሁና በመስመራችን መካከል የእኛ መከላከያ ዕቃ በኪራይ ይግባ» የሚል ሌላ ደንብ አመጡ። መሣሪያን የመምረጥ መብት በእውነት የተገኘው በ1975 ኮሚሽኑ መሣሪያዎች በታወቀ የቴክኒክ መመዘኛ ተፈትሸው የሚመዘገቡበትን ደንብ ካወጣና፣ ደንቡም ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ነው። ያን ጊዜ በየቤቱ ግድግዳ ላይ አንድ ዓይነት ትንሽ ሶኬት ተተከለች። የመረቡ ሥልጣን እስከዚያች ሶኬት ሆነ፤ ከሶኬቷ ወዲህ ያለው የቤቱ ባለቤት ግዛት ሆነ።

የዚህች ሶኬት ውለታ ቀላል አይደለም። መልእክት መቅጃ፣ ፋክስ፣ በኋላም ሞደም በዚህች በር ገቡ፤ በ1990ዎቹ ኢንተርኔት ወደ መኖሪያ ቤት የደረሰው በአብዛኛው በዚያው የስልክ ሶኬት ላይ በተሰካ ሞደም ነው። በብሪታንያም ተመሳሳይ ለውጥ የመጣው የ1981ዱ የቴሌኮሙኒኬሽን ሕግ ከወጣ በኋላ ነው። በዚያ ዘመን ገበያ ላይ የሚውሉ መሣሪያዎች ተፈትሸው የተፈቀዱ ከሆነ አረንጓዴ ክብ፣ ያልተፈቀዱ ከሆነ ቀይ ሦስት ማዕዘን ምልክት ይለጠፍባቸው ነበር። የመሣሪያ ነጻነት ማለት ሥርዓት አልባነት ሳይሆን፣ ሁሉም የሚያውቀው መመዘኛ መኖር ማለት እንደ ሆነ ይህ ምልክት በግልጽ ያሳያል።

ድምፅ በእሽግ

የኢንተርኔት ስልክ ከመደበኛው ስልክ የሚለየው በመሠረቱ ነው። በቀድሞው ስልክ ሁለት ሰዎች ሲነጋገሩ ከዳር እስከ ዳር አንድ መስመር ለእነሱ ብቻ ተይዞ ይቆያል። በኢንተርኔት ስልክ ግን ድምፁ ወደ ቁጥር ተለውጦ፣ በትናንሽ እሽጎች ተከፋፍሎ፣ በእያንዳንዱ እሽግ ላይ አድራሻ ተጽፎበት፣ ከደብዳቤው፣ ከሥዕሉና ከፊልሙ ጋር በአንድ መንገድ ይጓዛል፤ መድረሻው ላይ ተሰብስቦ እንደገና ድምፅ ይሆናል። ይህ ዘዴ የትናንት ፈጠራ አይደለም። ዳኒ ኮኸን የተባሉት ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር በ1974 በአርፓኔት ላይ በካሊፎርኒያና በማሳቹሴትስ መካከል ድምፅን በእሽግ አስተላልፈዋል።

ነገሩ ከቤተ ሙከራ ወጥቶ ለሕዝብ የቀረበው በ1995 «ቮካልቴክ» የተባለው የእስራኤል ኩባንያ የኢንተርኔት ስልክ ፕሮግራም ለገበያ ባዋለ ጊዜ ነው። መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ተነጋጋሪዎች በኮምፒዩተር ፊት መቀመጥ፣ ድምፅ ማጉያና ማይክሮፎን ማዘጋጀት፣ ተራ በተራም መናገር ነበረባቸው። ድምፁ ይቆራረጣል፤ ነገር ግን ወደ ውጭ አገር ለመደወል በደቂቃ ብዙ ይከፍል ለነበረው ሰው መቆራረጡ የሚቻል ነበር። በማግሥቱ ዓመት፣ በ1996፣ የአሜሪካ የረጅም ርቀት ስልክ ነጋዴዎች ማኅበር የነዚህ ፕሮግራሞች ሽያጭ እንዲታገድ ለኮሚሽኑ ጥያቄ አቀረበ። ከአርባ ዓመት በፊት በአፍ መከለያ ላይ የተነሣው ክርክር ልብሱን ለውጦ ተመለሰ ማለት ነው። ጥያቄው ግን ተቀባይነት ሳያገኝ ቀረ።

የጋራ ቋንቋና የግል ቋንቋ

በአሮጌው ስልክ የሶኬቷን ሥራ በአዲሱ ስልክ የሚሠራው ፕሮቶኮል ነው። መሣሪያና መሣሪያ የሚግባቡበት የጋራ ቋንቋ ከሌለ፣ የአንዱ ኩባንያ ስልክ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። በ1996 ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት «ኤች 323» የተባለውን አወጣ፤ በ1999 ደግሞ የኢንተርኔት መሐንዲሶች «ሲፕ» የተባለውን ቀለል ያለ ፕሮቶኮል አሳተሙ፤ በ2002 ተሻሽሎ የወጣው ዛሬም ለብዙው የቢሮ ስልክ መሠረት ነው። በዚያው በ1999 ማርክ ስፔንሰር የተባሉ ወጣት አሜሪካዊ ለአነስተኛ ድርጅታቸው የስልክ ማዞሪያ መግዛት ቢያቅታቸው «አስተሪስክ» የተባለውን ፕሮግራም ራሳቸው ጽፈው ለማንም በነጻ ለቀቁት። ቀድሞ አንድ ክፍል ይሞላ የነበረው ማዞሪያ በአንድ ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ገባ። ጥቂት ሠራተኛ ያለው ድርጅት፣ ከዚያም አልፎ በቤቱ የሚሠራ አንድ ባለሙያ፣ የራሱ የስልክ ኩባንያ መሆን ቻለ።

ከዚህ ጎን ለጎን ግን የግል ቋንቋም አደገ። በ2003 የወጣው ስካይፕ ለተጠቃሚው እጅግ የቀለለ ሲሆን፣ የሚሠራው ግን በራሱ በተደበቀ ፕሮቶኮል ነበር። ብዙ ኩባንያዎች ለስካይፕ ብቻ የሚሆኑ ቀፎዎችን ሠርተው ሸጡ። ማይክሮሶፍት በ2011 ስካይፕን በ8.5 ቢልዮን ዶላር ገዛው፤ በሜይ ወር 2025 አገልግሎቱ ተዘጋ። እነዚያ ቀፎዎች ፕላስቲካቸው ሳይሰበር፣ ሽቦአቸው ሳይበጠስ፣ የሚያናግራቸው አጥተው ከንቱ ቀሩ። በሲፕ ቋንቋ የሚሠራ የዚያው ዘመን የጠረጴዛ ስልክ ግን ባለቤቱ አገልግሎት ሰጪውን ቢለውጥ እንኳ አዲስ ቁጥርና የይለፍ ቃል ተሰጥቶት ሥራውን ሊቀጥል ይችላል። አንዳንድ አገልግሎት ሰጪዎችም ለደንበኛው የሚሰጡትን አዳፕተር ከራሳቸው በቀር ለሌላ እንዳይሠራ ቆልፈው ይሸጣሉ። ደንበኛው ዋጋውን ከፍሎ ዕቃውን ተሸክሞ ወደ ቤቱ ይገባል፤ ቁልፉ ግን ከሻጩ ዘንድ ይቀራል። የሃባርድ የኪራይ ዘዴ «ሽያጭ» የሚል ስም ይዞ መመለሱን ልብ ማለት ያስፈልጋል።

በኢትዮጵያ

በአገራችን የስልክ ታሪክ የሚጀምረው በዐፄ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ነው። በ1894 ሥራው የተጀመረው የሐረርና የአዲስ አበባ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በ1952 የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት የቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ፤ ከዚያ ወዲህ የድርጅቱ ስምና አቋም በየዘመኑ ቢለዋወጥም አገልግሎቱ በመንግሥት እጅ ብቻ ለብዙ ዘመን ቆየ።

ኢንተርኔት በመጣ ጊዜ የመሣሪያ ምርጫ ጥያቄ በኢትዮጵያ የዋጋ ሳይሆን የሕግ ጥያቄ ሆኖ ተነሣ። የቴሌኮሙኒኬሽን አዋጅ ቁጥር 49/1989ን ያሻሻለው አዋጅ ቁጥር 281/1994 በኢንተርኔት አማካይነት የድምፅና የፋክስ አገልግሎት መስጠትንም ሆነ መጠቀምን ከለከለ። ከውጭ አገር ጥሪ የሚገኘው ገቢ ለድርጅቱም ለአገሪቱም የውጭ ምንዛሪ ምንጭ እንደ ነበር ሲታሰብ፣ የክልከላው መንፈስ የአሜሪካ ነጋዴዎች በ1996 ካቀረቡት ጥያቄ የራቀ አይደለም፤ ልዩነቱ በዚያ ጥያቄው መቅረቱ፣ በዚህ ግን ሕግ መሆኑ ነው። ስለ ቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል የወጣው አዋጅ ቁጥር 761/2004 ደግሞ በኢንተርኔት የስልክ ጥሪ አገልግሎት የሚሰጠውን ሰው ከ3 እስከ 8 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት እንዲቀጣ ደነገገ፤ ተጠቃሚውንም ከቅጣት ነጻ አላደረገም። ረቂቁ በ2012 በታወቀ ጊዜ በውጭ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር በስካይፕ የሚነጋገሩ ሰዎች ብርቱ ሥጋት አድሮባቸው ስለ ነበር፣ ባለ ሥልጣናት ድንጋጌው ይህን ዓይነቱን የግል ጥሪ እንደማይመለከት ማስረዳት አስፈልጓቸዋል።

ዘመኑ ተለወጠ። የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148/2011 የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ የመሣሪያዎችን የቴክኒክ ብቃት ማረጋገጥም ከሥራው አንዱ ሆነ። በ2021 ለሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ፈቃድ ተሰጠ፤ ድርጅቱም በኦክቶበር 2022 አገልግሎቱን በይፋ ሲጀምር፣ አንድ ብቻ የነበረው አገልግሎት ሰጪ ሁለት ሆነ። ይሁን እንጂ በአዲስ አበባ ሆኖ ከውጭ አገር የኢንተርኔት ስልክ መሣሪያ ለማስመጣት የሚያስብ ባለሙያ፣ ከዋጋው አስቀድሞ የመሣሪያውን ፈቃድና የሚጠቀምበትን አገልግሎት ሕጋዊነት ከባለሥልጣኑ ጠይቆ ማረጋገጥ ይገባዋል። በውጭ አገር የሚኖሩ የሙያ ባልደረቦች ሁኔታ የተለየ ነው። በሰሜን አሜሪካ ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ለሐኪም ቤትና ለፍርድ ቤት በስልክ የሚያስተረጉሙ፣ ሥራቸውንም ከቤታቸው የሚሠሩ አሉ። ለእነዚህ ሰዎች የቀፎው ጥራት የምቾት ጉዳይ አይደለም፤ አንዲት የተቆረጠች ቃል የበሽተኛን የመድኃኒት መጠን ልትለውጥ ትችላለች።

በዛሬው ገበያ

ከታሪኩ ወደ ጠረጴዛው ስንመለስ፣ የመሣሪያው ዓይነት በዋናነት ሦስት ነው። የመጀመሪያው አዳፕተር ነው፤ በአንድ ወገን ከኢንተርኔት፣ በሌላው ወገን ከተለመደው ስልክ ወይም ፋክስ ጋር ይያያዛል። ርካሽ ነው፤ የለመዱትን ቀፎ ያስቀጥላል፤ ነገር ግን የተቆለፈ አለመሆኑን አስቀድሞ መጠየቅ ያሻል። ሁለተኛው የጠረጴዛ የኢንተርኔት ስልክ ነው፤ ዋጋው ከፍ ቢልም ቀኑን ሙሉ ስልክ ለሚያነሣ ሰው ይስማማል፤ ኮምፒዩተሩ ቢበላሽ ወይም ቢዘጋ እንኳ ይሠራል። ሦስተኛው በኮምፒዩተር ወይም በእጅ ስልክ ላይ የሚጫን ፕሮግራም ነው፤ ወጪው አነስተኛ ሲሆን ጥራቱ የሚወሰነው በጆሮ ማዳመጫው ነው። ይህን መንገድ የሚመርጥ ሰው ገንዘቡን በጥሩ ማዳመጫና ማይክሮፎን ላይ ቢያውል ይጠቀማል።

የመስመሩ ስፋት ከሚገመተው ያነሰ ነው የሚያስፈልገው። በ1972 የተደነገገውና ዛሬም በሁሉም መሣሪያ የሚገኘው «ጂ 711» የተባለው የድምፅ ኮድ 64 ኪሎ ቢት በሴኮንድ ይወስዳል፤ ድምፁ በየ20 ሚሊ ሴኮንዱ ሲታሸግ፣ በእያንዳንዱ የ160 ባይት ድምፅ ላይ የ40 ባይት አድራሻ ስለሚጨመር፣ በአንድ አቅጣጫ 80 ኪሎ ቢት ያህል ይሆናል። «ጂ 729» የተባለው ቆጣቢ ኮድ በዚሁ ስሌት 24 ኪሎ ቢት ይበቃዋል። ስለዚህ ችግሩ ብዙውን ጊዜ የስፋት ሳይሆን የመዘግየት ነው። ድምፅ ከአፍ ወደ ጆሮ እስኪደርስ ከ150 ሚሊ ሴኮንድ ባይበልጥ እንደሚመረጥ ዓለም አቀፉ ኅብረት መክሯል፤ ከዚያ ሲርቅ ሁለቱ ሰዎች እየተጋጩ መናገር ይጀምራሉ። በቤት ውስጥ ሌላው የቤተሰብ አባል ትልቅ ፊልም ሲልክ ወይም ሲያወርድ የድምፁ እሽጎች ከኋላ ተሰልፈው ይጠብቃሉ። መፍትሔው ለድምፅ ቅድሚያ የሚሰጥ ራውተር መምረጥና፣ ስልኩን በተቻለ መጠን በአየር ሳይሆን በገመድ ማገናኘት ነው።

ሁለተኛው ነገር መብራት ነው። አሮጌው ቀፎ ኃይሉን ከማዞሪያ ጣቢያ ያገኝ እንደ ነበር ከላይ ተገልጿል፤ አዲሱ ግን በቤቱ መብራት ላይ ተደግፏል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራ እንዳይቆም የሚፈልግ ሰው ባትሪውን ራሱ ማዘጋጀት አለበት። ስሌቱ ቀላል ነው። አንድ 12 ቮልትና 7 አምፔር ሰዓት የሆነ ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ራውተሩና ስልኩ በአንድነት 15 ዋት ቢወስዱ በወረቀት ላይ ከአምስት ሰዓት በላይ ይሆናል፤ ብክነቱና ባትሪው እስከ መጨረሻው መራቆት የሌለበት መሆኑ ሲታሰብ ግን ሦስት ሰዓት ያህል ብሎ መቁጠር ይሻላል። በ2003 በወጣው ደረጃ መሠረት ኃይልን በኢንተርኔቱ ገመድ ውስጥ የሚቀበል ስልክ ከተመረጠ፣ አንድ ባትሪ ሁሉንም ከአንድ ቦታ ይመግባል። በብሪታንያ አሮጌውን የመዳብ ስልክ የመዝጋቱ ቀነ ገደብ ከ2025 መጨረሻ ወደ ጃንዋሪ 2027 እንዲተላለፍ ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ፣ በስልክ መስመር ላይ የተመሠረተ የአደጋ ጊዜ ደወል ያላቸው አረጋውያን ጉዳይ መሆኑ ነገሩ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ ያስረዳል።

ሦስተኛው የአደጋ ጥሪ ነው። የኢንተርኔት ስልክ ከቦታ ወደ ቦታ ስለሚዘዋወር ጥሪው ከየት እንደመጣ በራሱ አያስታውቅም። በዚህ ምክንያት የተከሰቱ አደጋዎችን ተከትሎ የአሜሪካ ኮሚሽን በ2005 የኢንተርኔት ስልክ ኩባንያዎች የአደጋ ጥሪ አገልግሎት እንዲሰጡ አስገድዷል፤ ቢሆንም አድራሻውን ማስመዝገብና ቤት በለወጡ ቁጥር ማሳደስ የተጠቃሚው ተግባር ነው።

አራተኛው ምሥጢር መጠበቅ ነው። ሀሽ ኤ ፎንን ከሰባ ዓመት በፊት ይገዙ የነበሩት የደንበኛቸው ጉዳይ በሌላ ጆሮ እንዳይገባ የሚጠነቀቁ የቢሮ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በቤቱ የሚሠራው ጠበቃ፣ ሐኪም ወይም አስተርጓሚ ያው ግዴታ አለበት፤ መከለያው ግን ጽዋ ሳይሆን ምሥጢራዊ ጽሕፈት ነው። በመሆኑም መሣሪያው ድምፁን መሥጥሮ የሚልክበት ዘዴ እንዳለው፣ አምራቹም ጉድለት ሲገኝ ማረሚያ የሚያወጣ መሆኑን ማጣራት ይገባል። ከፋብሪካ የመጣውን የይለፍ ቃል ሳይለውጡ መተው በርን ከፍቶ እንደ መተኛት ነው፤ ደካማ የይለፍ ቃል ያላቸውን ስልኮች በኢንተርኔት እየፈለጉ፣ በሌሊት ወደ ውድ የውጭ አገር ቁጥሮች የሚደውሉ አጭበርባሪዎች አሉ። ሂሳቡም የሚመጣው ወደ ባለቤቱ ነው።

ማጠቃለያ

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው ትምህርት ሁለት ገጽታ አለው። በአንድ በኩል፣ ቀፎን የመምረጥ መብት ከሰማይ የወረደ ሳይሆን በአንዲት የአፍ መከለያ፣ በአንድ የከብት አርቢዎች ሬዲዮና በአንዲት የግድግዳ ሶኬት አማካይነት በረጅም ክርክር የተገኘ ነው። በሌላ በኩል፣ ይህ መብት ሲገኝ የስልክ ኩባንያው ይሸከመው የነበረው ኃላፊነት፣ ማለትም ኃይሉ፣ ጥገናው፣ የአደጋ ጥሪውና ጥበቃው፣ ቀስ በቀስ ወደ ቤቱ ባለቤት ተሻግሯል። መብቱን ወዶ ኃላፊነቱን የሚጠላ ሰው፣ መብራት በጠፋበት ቀን የድሮውን የኪራይ ቀፎ መመኘቱ አይቀርም።

የሚያሳስበው ደግሞ ይህ መብት ዳኛና አዋጅ ሳያስፈልግ፣ በገበያ ላይ በሚደረግ የአንድ ቀን ችኮላ ብቻ ሊጠፋ መቻሉ ነው። በግል ቋንቋ ብቻ የሚናገር ወይም ቁልፉ በሻጩ እጅ የቀረ መሣሪያ የሚገዛ ሰው፣ ካርተር ዓመታት ተሟግተው ያስገኙትን መብት በፈቃዱ መልሶ ያስረክባል። ስለዚህ በቤቱ ቢሮ የከፈተ ባለሙያ የመሣሪያውን መልክና ዋጋ ከመመርመሩ በፊት አንድ ጥያቄ ለሻጩ ቢያቀርብ ይበጀዋል፦ «ነገ ከእናንተ ጋር ብለያይ ይህ ስልክ ከሌላ ጋር ይሠራልኛልን?» መልሱ «አዎን» ከሆነ ዕቃው የገዢው ነው። መልሱ «አይሠራም» ከሆነ ግን፣ ዋጋው ምንም ያህል ቢረክስ፣ የተገዛው የሰው ወርቅ ነው።